ሰልፍ፤ ከካራማራ ግርጌ የአንድ ቃል ታሪክ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ ከየክፍሉ አንዳንድ ጽሑፍ እንዲቀርብ በተጠየቀ ጊዜ፣ በእኛ ዘንድ የተለያየ አሳብ ነበር። ገሚሶቻችን ስለ ከተማችን ስለ ጅግጅጋ፣ ገሚሶቻችንም ስለ ካራማራ ተራራ ለመጻፍ ተመኘን። በመጨረሻ የጸናው አሳብ ግን የመነጨው ከታሪክ ክፍል ሳይሆን ከእንግሊዝኛ ክፍል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ቀን «ኪው» የተባለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፉና በየቋንቋችን እንድንተረጕመው አዘዙን። አንዱ ጓደኛችን «ሰልፍ» አለ። ሁለተኛዋ «የለም፣ ወረፋ ነው» አለች። ሦስተኛው «ተራ» ነው ብሎ ተከራከረ። ሶማሊኛ ተናጋሪዎች የሆኑት ጓደኞቻችን «ሰፍ» ብለው ባንድ ድምፅ መለሱ፤ ኦሮምኛ የሚናገረውም «ሂሪራ» አለ። መምህሩ ሁሉንም ከጻፉ በኋላ፣ ሁላችንም ልክ መሆናችንን ገልጸው፣ ነገር ግን እነዚህ ቃላት ከየት እንደ መጡ ብንመረምር ሁሉም የየራሳቸው ታሪክ ያላቸው መሆኑን እንደምናገኝ ነገሩን። እኛም ይህን ምክር ይዘን ተነሣን። መርምረን ያገኘነው ነገር በመጨረሻ ወደዚያው ልንጽፍበት ወደ ተመኘነው ወደ ካራማራ መለሰን።

የእንግሊዞች «ጅራት»

«ኪው» የሚለውን ቃል እንግሊዞች የተዋሱት ከፈረንሳዮች ነው። ፈረንሳዮችም «ካውዳ» ከሚለው የላቲን ቃል አግኝተውታል፤ ትርጕሙም «ጅራት» ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ቃሉ በመጀመሪያ ያገለገለው በመኳንንት ጋሻና ዓርማ ላይ የሚሣለውን የአንበሳ ወይም የሌላ አውሬ ጅራት ለማመልከት ነበር። ቀጥሎም በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት፣ ከራስ በስተኋላ ተጐንጕኖ የሚወርደው የወንድ ጠጕር በዚሁ ስም ተጠራ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወታደሮች ጠጕራቸውን እንዲህ ይጐነጕኑ ነበር፤ ልማዱ በትእዛዝ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1808 ነው። የማንቹ ነገሥታት ቻይናን በያዙ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1645 የቻይና ወንዶች በግድ እንዲያሳድጉ ያዘዙትንም ጕንጕን እንግሊዞች «ኪው» ብለውታል። የቢልያርድ መምቻው በትር ስምም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ቅርንጫፍ ነው።

ታዲያ ጅራት እንዴት ወረፋ ሊሆን ቻለ? ይህን ለመረዳት እኛ የካራማራ ልጆች ከሌላው ተማሪ ይልቅ ዕድለኞች ነን። ወደ ገበያ የሚሄዱ የጭነት ግመሎች ሲያልፉ ያየ ሰው፣ የኋለኛው ግመል መሳቢያ ገመድ ከፊተኛው ግመል ጅራት ላይ ታስሮ ሁሉም ባንድ መሥመር ሲጓዙ ተመልክቷል። በዚህ መሥመር ውስጥ ማንም ማንንም አይቀድምም፤ የፊተኛው ጅራት ለኋለኛው መንገድ ነው። ፈረንሳዮችም በዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ እየረዘመ የሚሄደውን የሰው መሥመር አይተው «ጅራት» ብለው መጥራታቸው ከዚህ የራቀ አስተያየት አይደለም። ዛሬም በቋንቋቸው «ጅራት መሥራት» ማለት ወረፋ መጠበቅ ማለት ነው። በእኛም ክፍል ከሁሉ ኋላ የወጣውን ተማሪ «ጭራ» እያልን የምንቀልደው ከዚሁ ምሳሌ የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን የፈረንሳይ አነጋገር ወደ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ካገቡት ከመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች አንዱ ቶማስ ካርላይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ባሳተመው የፈረንሳይ አብዮት ታሪክ ውስጥ፣ የፓሪስ ሕዝብ በዳቦ ቤቶች ደጃፍ መደዳውን ቆሞ ሲጠብቅ የነበረበትን ሁኔታ በዚህ ቃል ገልጾታል። እንግዲህ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ በዚህ ትርጕሙ ሲገባ ይዞት የመጣው የዳቦን እጥረት ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1789 የፓሪስ ሴቶች የዳቦው እጥረትና ውድነት ቢያስመርራቸው ተሰባስበው ንጉሡ ወዳሉበት ወደ ቬርሳይ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጓዙ፤ በማግሥቱም ንጉሡን ከነቤተሰባቸው ወደ ፓሪስ ይዘዋቸው ተመለሱ። የእንግሊዝኛ ተማሪ ይህን ታሪክ ሲጽፍ ሁለት ቃላት ያስፈልጉታል፤ አንዱ ለዳቦ ለሚጠበቀው፣ ሁለተኛው አቤት ለማለት ለሚጓዘው። በአማርኛ ግን የዳቦውም «ሰልፍ» ነው፣ የአቤቱታውም «ሰልፍ» ነው። ቃላችን በሁለቱ መካከል ያለውን አጭር መንገድ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቅ ይመስላል።

እንግሊዞች ራሳቸው በወረፋ አክባሪነት በዓለም የታወቁ ናቸው። ይህም ዝናቸው የጠነከረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ከጥር 1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅቤና ስኳር የመሳሰለው ምግብ በካርድ ይታደል ስለ ነበረና ዕደላው ፈጽሞ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ሆነ፣ አንድ ትውልድ ሙሉ በሱቅ ደጃፍ ቆሞ አደገ። ከዚህ የምንረዳው፣ ወረፋ ማክበር በተፈጥሮ የሚገኝ ጠባይ ሳይሆን በችግር ጊዜ ሕዝብ የሚማረው ትምህርት መሆኑን ነው።

የእኛው «ሰልፍ»

የእንግሊዞች ቃል ከጅራት ሲመጣ የእኛ ቃል የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። «ሰልፍ» በግእዝ የጦር አሰላለፍና ጦርነቱም ራሱ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጦ የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ ያነበበ ሰው፣ «ሰልፍ» ስለ ውጊያ ሲነገር ያገኘዋል። በዚያ ስፍራ ወረፋ ብሎ የሚተረጕም ተማሪ ቢኖር ጎልያድ ዳቦ ለመግዛት የመጣ ሊመስለው ነው!

የቀድሞ አባቶቻችን አሰላለፍ ምን ያህል የጸና እንደ ነበረ ከማዕርግ ስሞቻቸው ይታወቃል። ፊታውራሪ የግንባሩ ጦር መሪ ነው፤ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው ነው፤ ደጃዝማችም በንጉሡ ድንኳን ደጅ ያለው ጦር አዝማች ነው። ከኋላ የሚጠብቀው ደግሞ ደጀን ይባላል። እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያ የክብር ስሞች ብቻ አልነበሩም፤ እያንዳንዱ ሰው በሰልፉ ውስጥ የሚቆምበትን ስፍራ የሚያመለክቱ ነበሩ። አንድ ሰው በሰልፍ የነበረው ስፍራ በአገሩም ላይ የነበረውን ስፍራ ይወስን ነበር። በዛሬው የወረፋ ሰልፍ ግን ቀኛዝማችም ግራዝማችም የለም፤ ስፍራን የሚሰጠው የመምጫ ሰዓት ብቻ ነው። የቃሉ ታላቅ ለውጥ በዚህ ላይ ነው።

ቃሉ ከጦር ሜዳ ወደ ከተማ የገባው በብዙ በር ነው። አንደኛው በር ትምህርት ቤት ነው። ጧት ጧት ደወል ሲደወል ከሰንደቅ ዓላማው ፊት በየክፍላችን የምንቆመው «ሰልፍ» ይባላል፤ አርፍዶ የመጣ ተማሪ «ሰልፍ አመለጠኝ» ሲል በጦርነቱ አልነበርኩም ማለቱ አይደለም። ሁለተኛው በር አደባባይ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ የወጡት ሰልፍ በአገራችን ታሪክ የታወቀ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ላይም «ሰላማዊ ሰልፍ» የሚለው ቃል ተጽፎ ይገኛል። እስቲ ይህን አነጋገር እንመልከተው። «ሰልፍ» ጦርነት ከነበረ «ሰላማዊ ሰልፍ» ማለት «ሰላማዊ ጦርነት» ማለት ሊሆን ነው። ቃሉ የቀድሞ ትርጕሙን ጨርሶ ስላልረሳው ይመስላል «ሰላማዊ» የሚል ዋስ የተጠራለት።

ሦስተኛው በር ሱቅ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ በኋላ፣ በቀበሌ ሱቆች ደጃፍ ለስኳርና ለሳሙና፣ ለሌላውም አስቤዛ መቆም የየዕለት ኑሮ ሆነ። ወላጆቻችን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። በዚያ ዘመን «የት ነበርሽ?» ተብላ የተጠየቀች እናት «ሰልፍ ላይ» ብላ ስትመልስ ማንም ስለ ውጊያ አላሰበም። ቃሉ ከጦር ወደ ዘንቢል የተዛወረው እንዲህ ነው።

የካራማራ ሰልፎች

በእኛ ከተማ ግን ቃሉ ሁለቱንም ትርጕሙን ባንድነት ይዞ ኖሯል። ይህን ለማስረዳት የጅግጅጋን ታሪክ ባጭሩ ማንሣት ግድ ነው።

ጅግጅጋ ከተማ ከመሆኗ በፊት የሰልፍ ማረፊያ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1842 ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወስደውን የነጋዴዎች መንገድ ሲዘረዝር፣ ቅፍለቱ ከሚያርፍባቸው ስፍራዎች መካከል ጅግጅጋን ጠቅሷል። ስዌን የተባለው መኮንንም እ.ኤ.አ. በ1893 ሲያልፍ ያየው ጕድጓድ ውኃዎችንና በአጠገባቸው ያለ ጥቂት ወታደሮች የሚጠብቁት በእንጨት የታጠረ ምሽግ ነበር። እንግዲህ ከተማዋ ከሁለት ሰልፎች ተወለደች፤ ባንድ በኩል ተራውን ጠብቆ ውኃ የሚጠጣ የግመል ቅፍለት፣ በሌላ በኩል ምሽግ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ዓመታት አገረ ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ መንገዶቹ ቀጥ ብለው እንዲዘረጉ አድርገው ከተማዋን ቀየሱ። እኚህ ሰው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ናቸው። ቤቶችን ያሰለፈ እጅ ሕግንም አሰለፈ ማለት ነው።

ከከተማችን በስተምዕራብ የተዘረጋው የካራማራ ተራራ ግን የበለጠ የሚታወቀው በጦር ሰልፍ ነው። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በማርዳ መተላለፊያ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከምሥራቅም ሆነ ከምዕራብ የሚመጣ ጦር ሁሉ ከዚህ በር ፊት መቆሙ አይቀርም። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት 8 ቀን የእንግሊዝ ጦር ጅግጅጋ ገባ፤ ኢጣልያኖች ማርዳ ላይ ስለ መሸጉ መጋቢት 12 ቀን ውጊያ ሆነ። በዚያ ቀን የተዋጉት አብዛኞቹ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ የናይጄርያ ወታደሮች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ከተማችን እስከ 1940 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆየች። በለንደን ሰው በምግብ ካርድ የሚሰለፍባቸው ዓመታትና እንግሊዞች ካራማራ ሥር ያስተዳድሩ የነበሩባቸው ዓመታት የተደራረቡ መሆናቸውን ስናይ፣ የዓለም ታሪክ ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ እናስተውላለን።

ሁለተኛውና ከባዱ ሰልፍ የ1970 ዓ.ም. ነው። በመስከረም ወር 1970 ጅግጅጋ በሶማልያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካራማራም ምሽግ ተያዘ። የኢትዮጵያ ጦርና አጋሩ የኩባ ጦር ፊት ለፊት መተላለፊያውን ከመግፋት ይልቅ በስተሰሜን ተራራውን ዞረው፣ በሄሊኮፕተርም ኃይል አሻግረው፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ከተማዋን መልሰው ያዙ። ይህ ቀን በኢትዮጵያ የካራማራ ድል ተብሎ ይዘከራል።

ስለዚህ ውጊያ ብዙ ተጽፏል፤ እኛም ልንጨምርበት አንችልም። ነገር ግን የምንማርበት ክፍል ውስጥ የሚገኝ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባም። ከእኛ መካከል የአንዳንዶቹ አያቶች ከተራራው በወዲህ፣ የአንዳንዶቹ በወዲያ ተሰልፈው ነበር፤ የሌሎቹ ደግሞ ልጅ አዝለው ድንበር ተሻግረው ተሰደዋል። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ባንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። አያቶቻችንን ጠላት ያደረጋቸውና እኛን ጧት ጧት ጐን ለጐን የሚያቆመን ቃል አንድ መሆኑ ሲታሰብ የሚያስደንቅ ነው።

የሀርትሼክ ሰልፍ

ከጦርነቱ አሥር ዓመት በኋላ ቃሉ በዚህ አገር ላይ እንደ ገና ተለወጠ። በ1980 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በሰሜን ሶማልያ በሐርጌሳና በአካባቢዋ በተነሣው ጦርነት ከተሞች በአውሮፕላን ሲደበደቡ፣ ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ፈለሰ። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ በሀርትሼክ የተቋቋመው የስደተኞች መጠለያ ከ250,000 በላይ ሰዎችን እስከ መያዝ ደርሶ፣ ባንድ ወቅት በዓለም ላይ ካሉት መጠለያዎች ሁሉ ታላቁ ነበረ። መጠለያው የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው።

ሀርትሼክ ውኃ የሌለው ሜዳ ነው። ስለዚህ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ በቦቴ መኪና ይጓጓዝ ነበር። እስቲ ነገሩን እናስበው። አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ታንክ ባለፈበት አገር የውኃ ቦቴ አለፈ። ከአሥር ዓመት በፊት ከዚህ ወደዚያ ከተሰደዱት መካከል ብዙዎች አሁን ከዚያ ወደዚህ ተመለሱ። የጦር ሰልፍ በቆመበት ምድር ላይ እናቶች ዕቃቸውን ይዘው ለውኃና ለስንዴ ተሰለፉ። የታሪክ መጻሕፍት የመጀመሪያውን ሰልፍ በቀን ለይተው መዝግበውታል። የሁለተኛው ሰልፍ ቀን ግን የለውም፤ በየዕለቱ ነበርና። ነገር ግን ሕይወት ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ተራ፣ ወረፋ፣ ሰፍ

አሁን ጓደኞቻችን በሰሌዳው ላይ ወዳስጻፏቸው ወደ ቀሩት ቃላት እንመለስ።

«ወረፋ» ከሰልፍ ይለያል። ሰልፍ የሚታየው መሥመር ነው፤ ወረፋ ግን የሰውየው ድርሻ ነው። ሰው ከሰልፉ ወጥቶ ጥላ ሥር ቢቀመጥ እንኳ ወረፋው ይቆየዋል። በቦኖ ውኃ ዘንድ ባለቤቶቹ በሌሉበት ጄሪካኖች ብቻቸውን መደዳውን ተሰልፈው የምናየው ለዚህ ነው። ጄሪካኑ ለሰውየው እንደራሴ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ባዶ ፕላስቲክ የሰውን መብት ሲጠብቅ ያድር ዘንድ ብዙ መተማመን ያስፈልጋል።

«ተራ» ደግሞ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ባንድ በኩል ወረፋ ማለት ነው፤ ተሳፋሪውን በመኪና የሚያስገባውም ሰው «ተራ አስከባሪ» ይባላል። በሌላ በኩል «ተራ ሰው» ስንል ማዕርግ የሌለውን ሰው ማለታችን ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱ ትርጕሞች አይጣሉም። በተራ የሚጠብቅ ሁሉ ለዚያች ጊዜ ተራ ሰው ነው፤ ባለጸጋም ቢሆን፣ ሹምም ቢሆን።

ይህ በአገራችን ቀላል ለውጥ አልነበረም። በቀድሞ ዘመን ጕዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ጥናትም መጠበቅ ነው፤ ሰልፍ ግን አይደለም። በደጅ ጥናት ቀድሞ የመጣው ሳይሆን ቀድሞ የታየው፣ ወይም አማላጅ ያለው ይገባል፤ ከእርሱ በፊት ስንት ሰው እንዳለ፣ ነገ ይሁን ከርሞ ተራው እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። ሰልፍ ግን ለድኻው አንድ ታላቅ ነገር ይሰጠዋል፤ ይኸውም ከፊቱ ያሉትን ሰዎች መቍጠር መቻሉ ነው።

«ሰፍ» የሚለውን ሶማሊኛ ቃል ስንመረምር ከዐረብኛ የመጣና መደዳ ማለት መሆኑን ተረዳን። ለወረፋም፣ ለጸሎትም የሚቆመው መሥመር በዚሁ ስም ይጠራል። በመስጊድ ቀድሞ የደረሰው በፊተኛው ሰፍ ይቆማል፤ ኋላ የመጣውም በኋለኛው ይቆማል፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲቆሙም ሀብታምና ድኻ አይለይም። ኦሮምኛው «ሂሪራ» ደግሞ እንደ እኛው «ሰልፍ» ለወረፋውም ለሰላማዊ ሰልፉም ያገለግላል።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘን ግን ሌላ የሶማሊኛ አነጋገር ነው። በሶማሊኛ ጅራት «ደቦ» ይባላል፤ የኋለኛው ደግሞ «ደምበ» ነው። ሕግና ሥርዓት የሰፈነበትን ኑሮ ለመግለጽ ሶማሌዎች «ከለ ደምበይን» ይላሉ፤ ቃል በቃል ሲፈታ «አንዱ ከአንዱ ኋላ መሆን» ማለት ነው። ብዙ ጊዜም ከሰላም ጋር ተያይዞ ይነገራል። እንግዲህ እንግሊዞች ከጅራት የወረፋን ስም ሲያወጡ፣ ሶማሌዎች ደግሞ ከወረፋ አሳብ የመንግሥትን ሥርዓት ስም አወጡ። አንዱ ከሌላው ኋላ ለመሆን በፈቃዱ ካልተስማማ ሰላም የለም ማለታቸው ነው። ይህን ትምህርት ከግመሎቻቸው ተምረውት እንደ ሆነ ማን ያውቃል!

ሰልፍ ሲፈርስ

ይህን ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ሳለን ያየነውን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ጽሑፋችን ጐደሎ ይሆናል። በአንድ ሰፈር ቦኖ ውኃ ለቀናት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ማለዳ ላይ መጣ። ጄሪካኖቹ ከዋዜማው ጀምረው ተሰልፈው ነበር፤ ከመካከላቸው የእኛም ነበሩ። በመጀመሪያ ሁሉም በተራው ቀዳ። ከዚያ አንድ ጕልማሳ ከመጨረሻ መጥቶ ጄሪካኑን ከፊት አስቀመጠ። ማንም አልተናገረውም። ሁለተኛው ተከተለው። ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ተጋፋ፤ እኛም ተጋፋን፤ ይህን መካድ አንችልም። አንዲት ትንሽ ልጅ ጄሪካንዋ ተረግጦ ተሰንጥቆባት ባዶ እጅዋን ተመለሰች። የከፋው ግን ይህ አይደለም። ግፊያው ሲጠና ሰዎች «እገሌ ገፋኝ» ማለትን ትተው «እነ እገሌ» ማለት ጀመሩ፤ የወገን ስም ተጠራ። ሽማግሌዎች መካከል ገብተው ባያረጋጉት ኖሮ ነገሩ የት ይደርስ እንደ ነበር አናውቅም።

በዚያ ጧት ከመዝገበ ቃላት ያልተማርነውን ተማርን። ሰልፍ ሲፈርስ ቃሉ ወደ ጥንት ትርጕሙ ይመለሳል። ወረፋ የነበረው ጦር ይሆናል። ከጦርነት ወደ ወረፋ ለመምጣት ቃሉ ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ከወረፋ ወደ ጦርነት ለመመለስ ግን ሁለት ጄሪካን በቂ ነው።

እርግጥ ጥፋቱ ሁሉ የተሰላፊው ነው አንልም። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው ሊቅ አግነር ኤርላንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ሰዎች ስልክ ለማግኘት የሚጠብቁትን ጊዜ በሒሳብ መመርመር ጀመረ፤ ከእርሱም ስለ ወረፋ የሚያጠና የሒሳብ ክፍል ተወለደ። የሒሳቡ ፍሬ ነገር በቦኖአችን ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። አንድ ቧንቧ 20 ሊትር ጄሪካን በ2 ደቂቃ ቢሞላ በሰዓት የሚችለው 30 ጄሪካን ነው። በሰዓት 20 ቢመጡ ሰልፉ አጭር ይሆናል። የሚመጡት ወደ 30 በተጠጉ መጠን ግን ሰልፉ በጥቂቱ ሳይሆን እጅግ ይረዝማል፤ ሰው በእኩል ደቂቃ ልዩነት ሳይሆን እንዳጋጣሚ አንድ ጊዜ ተሰብስቦ፣ አንድ ጊዜ ተበትኖ ስለሚመጣ ነው። ከ30 ካለፉማ መጨረሻ የለውም። ስለዚህ ሕዝብን ትዕግሥት ማስተማር ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛ ቧንቧም ያስፈልጋል። የሚያስተዳድር ሰው ሰልፉን ባየ ጊዜ የሕዝቡን ጨዋነት ብቻ ሳይሆን የራሱንም የቤት ሥራ ሊያነብበት ይገባል።

መደምደሚያ

ክቡራን አንባብያን፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመተርጐም ተነሥተን ከፓሪስ ዳቦ ቤት እስከ ማርዳ መተላለፊያ ተጓዝን። እንግሊዞች በወረፋ ውስጥ ጅራትን አዩ፤ እኛ ጦርን አየን፤ ሶማሌዎች ጸሎትንና ሥርዓትን አዩ። ሁሉም ያዩት ግን አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ሰው ከሰው ኋላ መቆሙ ነው። በጦር ሰልፍ ከፊትህ ያለው ጠላትህ ነው፤ በወረፋ ሰልፍ ከፊትህ ያለው ካንተ ቀድሞ የጠማው ሰው ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ቀላል፣ ይህን ያህልም ከባድ ነው።

ከዚያ ጧት ወዲህ እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን ተማሪዎች በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆንን በዚያው ቦኖ ተራ እናስከብራለን። የሠራነው ሥራ ታላቅ አይደለም፤ ጄሪካኖቹን በኖራ ቍጥር እንጽፍባቸዋለን፤ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አሮጊት ሲመጡ ተሰላፊዎቹን አስፈቅደን እናስቀድማለን። ጄሪካንዋ የተሰነጠቀባት ልጅ አሁን ሌላ ይዛ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ቍጥርዋ 14 ነበር፤ በ14ኛው ተራዋም ቀድታ ሄዳለች።

ወላጆቻችንና መምህሮቻችን፣ እንኳን ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል አደረሳችሁ። ነገ ጧት ደወሉ ሲደወል ከካራማራ ፊት ለፊት እንሰለፋለን። ቃሉ የድሮው ቃል ነው፤ ትርጕሙን ግን እኛ እንጠብቀዋለን።